ያልተደወለላቸው መንገደኞች

«ልጄ፣ መሀል ላይ ማን ይቀበለኛል?»

ትኬት ሻጯ ይህን ጥያቄ ሰሞኑን ከስንት አፍ እንደሰማችው የሚያውቁት እሷና የጆሮ ማዳመጫዋ ብቻ ናቸው። የዛሬው ጠያቂ ድምፃቸው የሚንቀጠቀጥ አንድ አዛውንት ናቸው። ባሕር ማዶ ወዳለው ልጃቸው በየዓመቱ በቀጥታው በረራ ሲመላለሱ ኖረዋል። እዚህ ይሳፈራሉ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ይስባሉ፣ ሲነቁ ልጃቸውን መውጫው ላይ ቆሞ ያገኙታል። አሁን መልኳን እንኳ የማያውቋት ልጅ ደውላ፣ ያ በረራ ቀረ ትላቸዋለች። ከእንግዲህ በማያውቁት ከተማ ወርደው፣ በባዕድ አግዳሚ ላይ ሲጠብቁ ውለው፣ ሌላ አውሮፕላን ፈልገው ነው የሚሄዱት።

«የሚቀበልዎት ሰው ይኖራል አባባ። የእኛ ሠራተኞች ይመሩዎታል፤ ሐሳብ አይግባዎት። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ» ብለው ዘጉት።

የሚሳደቡት ይሻሏት ነበር። ተሳዳቢውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ታልፈዋለች፤ የሚመርቃት ግን አንጀቷን በልቷት ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቷ ያንን ረጅም መንገድ ያለማረፊያ ይበርር የነበረውን አውሮፕላን ከመስመሩ አወጣው። ነዳጅ ተወደደ ተባለ። ወንበሩ አልሞላ አለ ተባለ። አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ የተሻለ ያተርፋል ተባለ። የወሰኑት ሰዎች አንድ ጠዋት ተሰብስበው ቆረጡና ሻያቸውን ጠጥተው ተነሡ፤ መርዶ ነጋሪነቱ መስኮት ላይ ለተቀመጡት ወረደ። የመጨረሻው ቀጥታ በረራ የፊታችን እሁድ ነው። ከዚያ ወዲያ ትኬት የያዘ ሁሉ አንድ በአንድ እየተደወለለት «ገንዘብዎ ይመለስልዎ፣ ወይስ ማረፊያ ባለው መንገድ ይሄዳሉ?» መባል አለበት። ምርጫው የደንበኛው ነው። ደንብ ነው፣ ማንም ለደንበኛ አይመርጥለትም።

ትኬት ሻጯ ለድርሻዋ ሰዎች ሁሉ ደውላ ጨርሳለች። አንዲት መንገደኛ ብቻ ቀርታለች። እሷም እናቷ ናቸው።

የእናቷን ትኬት የገዛው ጥርስ ሰሪው ነው። ጥርስ ሰሪው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ቀርበው የተፈራረሙት ባሏ ነው። ባሕር ማዶ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለማያውቃቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲቀርጽ ይውላል። ከሦስት ዓመት በፊት የመመለሻ ቀኑን ሊያስለውጥ እዚህ መስኮት ላይ መጣ፤ እንደ ሌላው ሰው ዓይኗን ሳይሆን አፏን ሲያይ ቆየና፣ «ስትስቂ በቀኝ በኩል በእጅሽ የምትሸፍኚው ጥርስ አለ። ማንም እንዳያስተካክልብሽ» አላት። ደፋር ነው ብላ ተቆጣች። ማታ ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመች።

ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በዚያ አውሮፕላን ኖረ ማለት ይቻላል። በስልክ መጻጻፉ አልቀረም፤ እሱ ግን ደብዳቤ ይወዳል። ማታ የጻፈውን ለሚሳፈር ሰው ይሰጠዋል፣ በማግስቱ እሷ መስኮቷ ላይ ትቀበለዋለች። እሱ ራሱም እንደዚያው በዓመት ሁለቴ ይመጣል። ርቀቱ የማይቻል ርቀት ነበር፤ ያ አንድ በረራ ነው ለእነሱ ያሳጠረው።

እናቷም የተስማሙት በዚሁ ነው። ከዓመታት በፊት መሀል ላይ ወርዶ መሳፈር ያለበት ጉዞ ሄደው፣ ሰው የማያናግራቸው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የማይሆን በር ላይ ተቀምጠው ውለው፣ አውሮፕላኑ ጥሏቸው ሄዷል። «ሻንጣዬ ደረሰ፣ እኔ ቀረሁ» እያሉ እስከ ዛሬ ያስቁበታል። የሚስቁት ግን ሌላ ሰው ሲኖር ነው። ልጃቸውን ለጥርስ ሰሪው ሲፈቅዱ «ተኝቼ ነቅቼ ከደረስኩ፣ እየመጣሁ አይሻለሁ። ያ በረራ ካለ ምን ቸገረኝ» አሉ።

እሱም ያንን አምኖ ማዶ ምድር ቤት ያለ ቤት ተከራየ። ደረጃ የለውም፣ የእናት ጉልበት ነዋ። አንዱን ክፍል ለእሳቸው አደረገው። ከመታጠቢያው ግድግዳ ላይ ይዘው የሚነሡበት እጀታ በገዛ እጁ እንደመታ ጽፎ ላከላት፤ ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ እንዳየው ሳይቀር።

ያን ደብዳቤ ስታነብ ትኬት ሻጯ በረራው እንደሚቀር ታውቅ ነበር።

ኃላፊው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ይህ ወሬ ይፋ እስኪሆን ከዚህ በር እንዳይወጣ፤ የወጣ ቀን የሚወጣው ሰው ነው» ብሏቸዋል። ሚስጥር አፉ ውስጥ የማያድርለት የጎረቤት መስኮቱ ባልደረባዋ፣ «ሬዲዮ» የሚሉት፣ እሱ እንኳ ከንፈሩን ነክሶ ያዛት። እሷም ያዘች። ዝም አይነቅዝም አለች። ይፋ በሆነ ማግስት ጥርስ ሰሪው ደውሎ «ሰማሽ?» ሲላት፣ «ሰማሁ» አለች። ሁለቱም በዜና የሰሙ መሰለ። «መላ አይጠፋም» አላትና መጣ። እሁድ አብረው ሊሄዱ፣ በአንድ ቦታ ማስያዣ ሁለት ወንበር ይዘዋል።

አዛውንቱ ከዘጉ በኋላ ማዳመጫዋን አውልቃ ጆሮዋን እያሸች ቀጣዩን ቁጥር ጠራች። አንዲት ሴት መጣች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እሁድ ካልሄደች፣ ማረፊያ ያለው ቀጣዩ ጉዞ የሚነሣው ማክሰኞ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ለልጇ የቆረጠላት ሰኞን ነው።

«እሁድ ሞልቷል እናቴ።»

«አውቃለሁ። ነግረውኛል» አለች ሴትዮዋ፣ አልተነሣችም። «እንዲያው አንድ ሰው ቢቀር ብዬ ነው። ሰው ይቀር የለ?»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ይህችኛዋ እንባም አላወጣች። ዝም ብላ መስተዋቱን ታያለች፣ ሰው እስኪቀርላት።

ትኬት ሻጯ የሴትዮዋን ፊት አየችና እዚያ ላይ የእናቷን ፊት አየች። ከሄደች እናቷ አይመጡላትም፤ መሀል ላይ ያ አዳራሽ አለ። እሷም በየጊዜው ልመላለስ ብትል አቅሙም ፈቃዱም የት ይገኛል? ይህን ለሳምንታት ስታገላብጠው ከርማ ደክሟታል። ማሰቡ ራሱ ደክሟታል። እጇ ሄደና የራሷንና የጥርስ ሰሪውን ቦታ ማስያዣ ከፈተ። ለሁለት ከፈለችው። የራሷን ወንበር ለቀቀች። ማንም ሳይቀድማት ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

አንዴ ለሁለት የተከፈለ ቦታ ማስያዣ ተመልሶ አይገጠምም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እሷ ናት።

ሴትዮዋ እጇን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾልካ ልትስማት ምንም አልቀራት። ትኬት ሻጯ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው የሚሰማው ዓይነት እፎይታ ነው፤ እሱም ከለቅሶ ይልቅ አስፈራት።

ለምሳ ቤት ስትገባ እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ታስሮላቸው፣ ባዶ አፋቸውን ከፍተው አገኘቻቸው። ጥርስ ሰሪው ጉልበቱ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ አዲሱን ጥርሳቸውን በቀጭን ሞረድ ይስላል። ከማዶ ሠርቶት ነው የመጣው፤ በግራ በኩል ድዳቸውን ሲወጋቸው ቆይቷል።

«እስቲ አሁን ይንከሱልኝ እማማ።»

እናት ጥርሱን አጠለቁና ቀጭ ቀጭ አደረጉ። «ማንን ልንከስልህ?»

«ያስቸገረዎትን።»

«እሷማ በሥራ ላይ ናት» አሉ እናት፣ ልጃቸው በር ላይ መቆሟን እያዩ። ሦስቱም ሳቁ። ትኬት ሻጯ እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ ማታ እነግረዋለሁ ብላ አስባለች። እናቷ ሲተኙ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ቀስ ብላ፣ በራሷ አነጋገር።

የጥርስ ሰሪው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እጁን በፎጣው ጠራርጎ አነሣው።

«ምንድነው?» አሉ እናት።

«ከአየር መንገዱ ነው። "ውድ ደንበኛችን፣ ቦታ ማስያዣዎ ተለውጧል። የተጓዥ ብዛት አንድ።"» ሳቅ አለ። «ተሳስተዋል። አንድ ይላል እኮ።»

ቀና ብሎ አያት።

በቀን ስንት ጊዜ ነው ለደንበኛ «መልእክት በስልክዎ ይደርስዎታል» የምትለው? እየማለች ስትናገር የኖረችውን ለራሷ ረሳችው። ወንበሩን የለቀቀች ቅጽበት መልእክቱ መንገድ ላይ ነበር፤ እሷ ናት ማታ ድረስ የዘገየችው። ፊቷን ማዞር አቃታት። እሱም ያየውን አየ፣ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

ስልኩን አስቀመጠ። ጥርሱን ከእናት አፍ ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ አጥቦ መለሰላቸው። «አሁን አይወጋዎትም» አላቸው። ከዚያ በኋላ ነው የወጣው። እሷም ተከትላው ወጣች።

ደረጃው ላይ ከጎረቤት የተሰጣ ልብስ ይንጠባጠባል። ጥርስ ሰሪው አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ቆሞ ስለነበር ዓይን ለዓይን እኩል ሆኑ።

«ለማን ሰጠሽው?»

«ልጇ ልትወልድ ለደረሰችባት ሴት።»

«ደግ ነሽ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ትችለው ነበር። «በረራው እንደሚቀር ያወቅሽው መቼ ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ግን መዋሸቱም ደክሟታል።

«ካንተ በፊት።»

«ምን ያህል በፊት?»

«እጀታውን ሳትመታው በፊት።»

ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ትከሻው ላይ ሲያርፍ እንኳ ዘወር አላለም።

«ደብዳቤዬን አነበብሽው» አለ በመጨረሻ። «አነበብሽና አጠፍሽው። እኔ ደግሞ ቅዳሜን ሙሉ ግድግዳ ስሰረስር፣ ይይዝላቸዋል አይዝላቸውም እያልኩ በገዛ ክብደቴ ስንጠለጠልበት ዋልኩ።»

«እንዳትናገሩ ተብለን ነበር። ሥራዬን…»

«ለዓለም ንገሪ አላልኩሽም። ለእኔ ነው ያልኩሽ።» ትንፋሹን ሳበ። «በረራው በመቅረቱ አይደለም የከፋኝ። በረራ ይቀራል። እኔ ጥርስ ሰሪ ነኝ። አፉን ያልከፈተልኝን ሰው ምን ልሠራለት እችላለሁ? የጎደለሽን ሸፍነሽ ይዘሽ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ትያለሽ። በቀኝ በኩል እንደምትሸፍኚው።»

«እናቴን ጥዬ እንዴት ልሂድ? መሀል ላይ ትጠፋብኛለች። አንተ አታውቃትም፣ ያን ጊዜ ከተመለሰች በኋላ ስንት ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጥ…»

«ጠይቀሻቸዋል?»

«ምኑን እጠይቃታለሁ? መልሷን አውቀዋለሁ።»

«አየሽ» አለ። «ለእሳቸውም አወቅሽላቸው። ለእኔም አወቅሽልኝ። ለአገሩ ሁሉ እየደወልሽ "ምርጫው የእርስዎ ነው" ትያለሽ። እኛ ብቻ ነን ምርጫ ያልደረሰን።»

እጇን ዘረጋች። ያዘው፣ አልጨበጠውም፤ ሰው በአደራ የሰጡትን ዕቃ እንደሚመልስ ቀስ ብሎ ወደ እሷ መለሰላትና ደረጃውን ወረደ። ወደ ውስጥ ስትመለስ ሞረዱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ እናቷም ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀምጠዋል። በሩ ክፍት ነበር። ሁሉን ሰምተዋል። አዲሱን ጥርሳቸውን በዝግታ ያጋጫሉ፣ ትኬት ሻጯም ያን ድምፅ ቆማ ሰማች፤ በሕይወቷ እንዲህ ብቻዋን የሆነችበት ቀን ትዝ አይላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮው ገና ከመከፈቱ ሞላ። ትኬት ሻጯ ሌሊቱን አልተኛችም፤ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስላል። «ሬዲዮ» ከጎረቤት መስኮት አንገቱን አስግጎ «እናትሽ ናቸው እንዴ እኚያ?» አላት።

እናቷ ናቸው። የክት ሻርፓቸውን አድርገው፣ የወረፋ ቁጥራቸውን በሁለት ጣት ይዘው፣ ከሰዉ መሀል ተቀምጠዋል።

«ኧረ እማማ፣ በዚህ ይግቡ!» አለ ሬዲዮ ብድግ ብሎ።

«ወረፋዬን እጠብቃለሁ» አሉ።

ጠበቁም። ቁጥራቸው ሲጠራ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሥተው መጡ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። በመካከላቸው መስተዋቱ አለ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ደንበኛ ነኝ። ትኬት አለኝ። ለሰው ሁሉ ተደውሎለት ለእኔ ያልተደወለልኝ ለምን እንደሆነ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ደረሰብኝ። በይ፣ ለሌላው እንደምትዪው በዪኝ።»

«እማዬ…»

«ለሌላው "እማዬ" ነው የምትዪው?»

ትኬት ሻጯ ጉሮሮዋን ጠረገች። እናቷን አንቱ ብላ አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«ውድ ደንበኛችን፣ የያዙት ቀጥታ በረራ ከእሁድ በኋላ ተቋርጧል። ገንዘብዎ እንዲመለስልዎ ወይም ማረፊያ ባለው ሌላ መንገድ እንዲሄዱ መምረጥ ይችላሉ። ምርጫው… ምርጫው የእርስዎ ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ክፉም አይደል» አሉ እናት። «ይህቺን ለመናገር ነው ያን ያህል የከሳሽው?» ቦርሳቸውን አስተካከሉ። «ማረፊያ ያለውን ብመርጥ፣ መሀል ላይ ማን ይቀበለኛል?»

አፏን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፣ ተደጋግሞ ተደጋግሞ የለሰለሰ። አልወጣ አላት።

«ለሌላው ምን ስትዪ ከረምሽ?»

«"የሚቀበልዎት ሰው ይኖራል።"»

«ውሸት ነበር?»

«አላውቅም» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። «አላውቅም እማዬ። ሄጄ አላየሁትም። ሰዉን ሁሉ ወደማላውቀው ቦታ ነው ስሸኝ የከረምኩት።» እንባዋን በአይበሉባዋ ጠረገች፣ ወደ መስተዋቱ ተጠጋች። «እኔ እቀበልሻለሁ። ከማዶ ተነሥቼ ቀድሜሽ እገባና በሩ ላይ እቆማለሁ። ፊቴን ሳታዪ ከመቀመጫሽ እንዳትነሺ። ማንም "ነይ በዚህ" ቢልሽ እንዳትሰሚ። ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«ከማዶ ተነሥተሽ?»

«ከማዶ ተነሥቼ።»

እናት ፈገግ አሉ። ያኔ ነው ያለችው ለራሷ የገባት፤ ከማዶ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ማዶ መሄድ አለበት። ለሳምንታት ስትፈራው የከረመችውን መሄድ አፏ ቀድሟት ተናገረው።

«እንግዲያው ቀይሪልኝ» አሉ እናት። ትኬት ሻጯ መጻፍ ጀመረች። እናት የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው እየጠረጉ፣ እንደ ዋዛ፣ ሌላ ወገን እያዩ ጠየቁ፦ «እንዲያው ነገሩን ነው። ቀኑ ሲደርስ ጉልበቴ እምቢ ቢለኝ፣ ገንዘቡ ይመለሳል አይደል?»

የትኬት ሻጯ ጣት ቆመ።

እዚህ መስኮት ላይ ዓመታት የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። የሚሄድ ሰው ስለ ሻንጣ፣ ስለ መስኮት ዳር፣ ስለ ብርዱ ይጠይቃል። ገና ትኬቱን ሳይጨብጥ ስለ ገንዘቡ መመለስ የሚጠይቅ ሰው አይሄድም። እናቷ አይሄዱም። ልጃቸው እንድትሄድ ነው ትኬት የሚይዙት፤ እሷ ማዶ ከገባች በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት እዚሁ መጥተው፣ ይህንኑ ሻርፕ አድርገው፣ ወረፋ ይዘው፣ ይመልሱታል።

ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ነበረ። አንዲት ምልክት ማድረግ ብቻ ነው፤ ለብዙ ሰው አድርጋለች። እናቷን አየቻቸው። ሻርፓቸውን፣ ጠርዙን የሚጠርገውን ጣታቸውን፣ ወደሷ ላለማየት የሚሸሸውን ዓይናቸውን።

«አይመለስም» አለች።

«ምንም?»

«ምንም። ከተቀየረ በኋላ አይመለስም።»

እናት ዞረው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ይህችን ልጅ ከሕፃንነቷ ያውቋታል፣ ስትዋሽ የትኛው ቅንድቧ እንደሚነሣ ሳይቀር። ጥርሳቸው ቀጭ አለ።

«ጨካኝ መሥሪያ ቤት ነው» አሉ። ትኬቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዓይናቸው ሞልቷል። «ያው እንግዲህ መሄዴ ነው። በሩ ላይ ሳትቆሚ ብትቀሪ ግን፣ በእነዚህ ጥርሶች ነው የምነክስሽ።»

ተነሥተው ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ።

«ውጭ ሌላ ደንበኛ አለሽ። ግባ ስለው "አልተደወለልኝም" አለ። ኩራቱ ልክ የለውም።»

ትኬት ሻጯ በቢሮው መስተዋት ወደ ውጭ አየች። ጥርስ ሰሪው ከመንገዱ ማዶ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። እሱም አልተኛም፣ ከትከሻው ያስታውቃል። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገችና ደወለች። ስልኩን ሲያወጣ፣ ቁጥሩን ሲያይ፣ ሳያነሣ ሲቆይ ሁሉ ታየዋለች። አነሣው።

«አቤት።»

«ውድ ደንበኛችን» አለች፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። «ስለ እሁዱ በረራዎ ነው የደወልኩት።»

«የእኔ በረራ አልተሰረዘም።»

«አልተሰረዘም። የተሰረዘችው አብራዎት የምትጓዘው ናት። ሳትጠይቅዎት፣ ሳታማክርዎት፣ ብቻዋን ወሰነች። ለተፈጠረው መጉላላት…»

ስንት ሺህ ጊዜ ያለችው ነገር ነው። በእንቅልፏ ትለዋለች። ዛሬ ግን «እንጠይቃለን» ማለት አቃታት። ከኋላዋ መሥሪያ ቤት የለም፣ ኃላፊ የለም፣ ብቻዋን ናት።

«ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። «እጀታውን ስትመታ ዝም ስላልኩ። የጻፍክልኝን አንብቤ ስለደበቅኩህ። ፈርቼ ነው። ደክሞኝም ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። ሬዲዮ ቀለሙ የደረቀ ማኅተም ይዞ ወረቀት ላይ ያትማል። ከመንገዱ ማዶ ጥርስ ሰሪው ከምሰሶው ተላቆ ወደ መስተዋቱ ዞረ።

«ምርጫዬ ምንድነው?» አለ።

«እሁድ በቀጥታው ብቻዎን መሄድ። ወይም ማክሰኞ፣ ማረፊያ ባለው፣ ከባለቤትዎ ጋር። እሁድን ከተዉት ወንበርዎን የሚወስዱ አንድ አዛውንት አሉ፤ መሀል ላይ መውረድ ይፈራሉ።»

«ማረፊያው ረጅም ነው?»

«በጣም። አግዳሚው አያስተኛም ይላሉ። ሻዩም ውድ ነው።»

«መሀል ላይ ማን ይቀበለኛል?»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያላወቀችው ነገር ከደረቷ ወጣ።

«ማንም። አብረን ነው የምንጠፋው።»

እናቷ በሩ አጠገብ ቦርሳቸውን ታቅፈው ቆመዋል፣ አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ያያሉ።

«ቀይሪው» አለ።

«አንዴ ከቀየርኩት» አለች፣ አንደበቷ እየተያያዘ፣ «አይመለስም።»

«አይመለስ።»

ትኬት ሻጯ ሳቀች። ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ፊቷ በእንባ ርሶ ሳቀች፤ በቀኝ በኩል ያለውን ጥርሷን መሸፈኑ ትዝም አላላት።